ስለ ትንፋሽ ምርመራና ስለ ፎገራ ማድ ቤት

ክረምት በገባ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ከዳርቻቸው ሲወጡ፥ ከወረታ ከተማ በታች እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ውኃ ይለብሳል። ሩዙ ውኃ ወዳድ ስለ ሆነ በዚህ ጊዜ ይፋፋል፤ ሰውና ከብት ግን ወደ ከፍታው ይሸሻል፤ ቤቱም ከዝናቡና ከብርዱ የተነሣ ተዘግቶ ይውላል። ሜዳው የሣርና የከብት አገር እንጂ የደን አገር ስላልሆነ ከማገዶው ብዙው ኩበት ነው። በበጋ ተጠፍጥፎ የደረቀውና ተከምሮ የተቀመጠው ኩበት በክረምት እርጥበት ሲነካው ቶሎ አይነድም፤ ይጤሳል። እንግዲህ በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ እመቤቲቱ እንጀራ ለመጋገር ከምጣዱ አጠገብ ስትቀመጥ፥ ሕፃኑም በጀርባዋ ታዝሎ ሲያንቀላፋ፥ ሁለቱ የሚስቡት አየር ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ዓይን ያለቅሳል፤ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሳሉ የቤቱ ልማድ ይሆናል። ምን ሆናችሁ ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ «ብርድ ነው» የሚል ነው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንጽፍ ያሰብነው፥ ያ ብርድ የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከሰው ትንፋሽ ላይ አንብበው ስለሚናገሩ፥ በአንድ እጅ ስለሚያዙ ትንንሽ መሣሪያዎች ነው። እነዚህ መሣሪያዎች እንደ ወረታ ላለ አገር ምን እንደሚጠቅሙ፥ ምንስ እንደማይጠቅሙ ለይቶ ማወቅ ለባለ ቤትም ለባለ ሥልጣንም ያስፈልጋል። በጽሑፋችን ውስጥ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ነፍስ፥ ነፋስ፥ ትንፋሽ፥ እስትንፋስ የሚሉት ቃላት ከአንድ ግንድ የበቀሉ መሆናቸውን ግዕዝ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በሐኪሞችም ዘንድ ትንፋሽን አሽትቶ በሽታን መለየት የቆየ ጥበብ ነው፤ የስኳር በሽታ የጠናበት ሰው ትንፋሹ እንደ በሰለ ፍሬ እንደሚሸት ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ነገር ግን አፍንጫ የሚደርስበት ጥቂቱን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የምንስበው አየር ከመቶው 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ሲሆን፥ መልሰን ስናወጣው ወደ 16 እጅ ወርዶ ይገኛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውም ጋዝ ከኢምንት ተነሥቶ ከመቶው ወደ 4 እጅ ይደርሳል። ከነዚህ ሌላ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ብዙ ነገሮች አሉ። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ላይነስ ፖውሊንግ ከባልደረቦቹ ጋር በ1971 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ በሰው ትንፋሽ ውስጥ 250 ያህል ልዩ ልዩ ተናኝ ነገሮች እንደሚገኙ አስረድቷል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሳምባ ሲቈስል ይበዛሉ፥ ሲድን ይቀንሳሉ። የምርመራው ምሥጢር በዚህ ላይ የቆመ ነው።

የነዚህ ነገሮች መጠን ምን ያህል አነስተኛ እንደ ሆነ በፎገራ ሰው አነጋገር እንግለጠው። አንዳንዱ ጋዝ የሚቈጠረው ከቢሊዮን ስንት እጅ ነው እየተባለ ነው። አንድ ቢሊዮን የሩዝ ፍሬ ሁለት መቶ ኩንታል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ይሆናል። እንግዲህ ከቢሊዮን 25 እጅ ማለት፥ በዚያ ሁሉ ሩዝ ውስጥ የተቀላቀሉ 25 ጥቋቁር ፍሬዎችን መቍጠር ማለት ነው። መሣሪያው ይህን የሚያደርገው በአንድ ትንፋሽ ነው።

ሥራውን የሚሠራው የመሣሪያው ክፍል ዳሳሽ ይባላል። ዳሳሽ ብዙ ዓይነት ቢሆንም በትንንሾቹ መሣሪያዎች ዘንድ የሚበዙት ሁለት ናቸው። አንደኛው አሠራሩ የእጅ ባትሪ ድንጋይን ይመስላል። በውስጡ ኬሚካል የያዘ ፈሳሽና ስስ ብረቶች አሉበት፤ የሚፈለገው ጋዝ ከብረቱ ላይ ሲደርስ ይለወጣል፥ በመለወጡም ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ይወለዳል፤ ጋዙ ሲበዛ ኀይሉም ይበዛል፥ መሣሪያውም ያን ወደ ቍጥር ለውጦ በመስኮቱ ላይ ያሳያል። ሁለተኛው ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ በ1962 ዓ.ም. የባለ ፈጠራነት መብት የጠየቀበት ነው። በዚያ ዘመን በጃፓን ቤቶች ውስጥ የማብሰያ ጋዝ እያመለጠ ይፈነዳ ስለ ነበረ፥ እርሱ የጋለ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ተቀጣጣይ ጋዝ ሲነካው ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያሳልፍ አስተውሎ ይህን ለማስጠንቀቂያ አዋለው። ይህ ዓይነቱ ዋጋው የቀለለ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያሸት አፍንጫ ስለ ሆነ፥ የታመመን ሰው ትንፋሽና ከጠላ ቤት የወጣን ሰው ትንፋሽ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ርካሽ የሆነውን ሁሉ ለሕክምና ይሆናል ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሲመጣ ጠንቀቅ ማለት ይገባል።

ከትንፋሽ ምርመራዎች ሁሉ ለሳምባ በሽታ ይበልጥ የተመሰከረለት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ የሚለካው ነው። ይህ ጋዝ በሰው ትንፋሽ ውስጥ መኖሩ በ1991 ዓ.ም. ተጻፈ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች በአስም በሽተኞች ትንፋሽ ውስጥ ከጤነኞች ይልቅ በዝቶ እንደሚገኝ አሳዩ። ምክንያቱም የአየር መተላለፊያው ቧንቧ በአለርጂ ዓይነት ብግነት ሲያብጥ፥ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ይህን ጋዝ አብዝቶ ስለሚያመነጭ ነው። መጀመሪያ መለኪያው ጠረጴዛ የሚሞላ ዕቃ ነበር፤ ኋላ ግን በመዳፍ እስከሚያዝ ድረስ አነሰ። የሚመረመረው ሰው በቱቦው ላይ አፉን ገጥሞ፥ ሳይቸኵልና ሳያቋርጥ እስከ 10 ሰኮንድ ድረስ በእኩል ኀይል ይነፋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቍጥሩ ይወጣል። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ በዐዋቂ ሰው ከቢሊዮን 25 በታች ዝቅተኛ፥ ከ50 በላይ ከፍተኛ ይባላል፤ ለልጆች ደግሞ 20ና 35 ነው። ከፍተኛ ሲሆን በሽተኛው እብጠትን የሚያበርድ፥ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት እንደሚስማማው ይታሰባል። መድኃኒቱን መውሰድ ከጀመረ በኋላ ቍጥሩ ቢወርድ መድኃኒቱ ሥራውን ይዟል ማለት ነው፤ ባይወርድ ግን ወይ አልወሰደውም፥ ወይም አሳሳቡን አላወቀበትም ይሆናል።

ይህ ነገር በቤተ ሰብ ዘንድ ታላቅ ጥቅም አለው። በአገራችን አስም ያለበት ሰው ሲያፍነው የሚያስተነፍሰውን ሳልቡታሞል የተባለውን መድኃኒት ብቻ ይዞ፥ በየቀኑ ሊወስደው የሚገባውን እንደ ቤክሎሜታዞን ያለውን መድኃኒት ችላ ማለቱ የተለመደ ነው። ሰዉ ፓፍ የሚለውን ይህን መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» እያለ የሚፈራው ብዙ ነው፤ ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ ጎረቤት አይቶ በሽተኛ ናት እንዳይላት ዕቃውን የምትሸሽግ እናት አትጠፋም። ሱስ አያስይዝም። ታፍና ወደ ደብረ ታቦር በሌሊት ከመወሰድ ይልቅ በቤት ጠዋትና ማታ መሳብ ይሻላል። ለእንዲህ ያለች እናት የሐኪም ምክር ባይበቃት፥ ቍጥሩ ከወር ወደ ወር ሲወርድ በዓይኗ ማየቷ ሊያሳምናት ይችል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም እንደ ነበረባቸውና 455 ሺህ ሰዎች በርሱ እንደ ሞቱ ይቈጥራል፤ ከሞቱትም የሚበዙት መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝባቸው ድኾች አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ይሁን እንጂ በችሎት ፊት አንድ ምስክር ብቻውን እንደማይበቃ ሁሉ፥ ይህም ቍጥር ብቻውን አይበቃም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አስም ቢኖርበት እንኳ ቍጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከምርመራው በፊት ሰላጣና ቀይ ሥር የበላ ደግሞ ያለ በሽታ ከፍ ይልበታል። ከሁሉም ይልቅ ለፎገራ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዘመንዋን ሁሉ በጢስ አጠገብ ያሳለፈች፥ ወደ አምሳ ዓመት የተጠጋች ሴት የሚያገኛት ሕመም ብዙ ጊዜ አስም አይደለም፤ የአየር ቧንቧዎችዋ ቀስ በቀስ ጠብበው የማይመለሱበት፥ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሳምባ መዘጋት የሚሉት ነው። በዚህ ሕመም ናይትሪክ ኦክሳይድ ብዙም አይጨምርም። እንግዲህ ይህችን ሴት በዚህ መሣሪያ ብቻ መርምሮ ቍጥርሽ ደኅና ነው ብሎ የሚያሰናብታት ቢኖር፥ መሣሪያው ሳይዋሽ ሰውዬው በደላት ማለት ነው። ለርስዋ የሚያስፈልጋት ስፓይሮሜትር ነው፤ ይኸውም በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል አየር፥ በምን ያህል ፍጥነት እንደምታወጣ የሚለካ ዕቃ ሲሆን፥ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃችንሰን በ1846 ዓ.ም. ካሳወቀው ጊዜ ጀምሮ የቆየ ነው። ዕቃውን የሚያነብ ሰው ማግኘት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአገራችን የሳምባ ልዩ ሐኪሞች በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሠልጠን የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ከናይትሪክ ኦክሳይድ ቀጥሎ፥ በእኛ አሳብ ግን ለፎገራ ከርሱ የሚቀድም፥ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከትንፋሽ ላይ የሚለካው መሣሪያ ነው። ይህ ጋዝ ማናቸውም ማገዶ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ነው። በደም ውስጥ ኦክሲጅንን ተሸክሞ የሚዞረውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል። ከገባም በኋላ ንጹሕ አየር በሚሳብበት ቦታ እኩሌታው ለመውጣት አራት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለ ሆነም ጠዋት የጋገረች ሴት እኩለ ቀን ላይ ብትነፋ፥ የማድ ቤቷ ነገር በትንፋሽዋ ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ያረገዘች ሴት ለምርመራ ስትቀርብ ይህንኑ ትንፋሽ እንድትነፋ ይደረጋል፤ ከሚሊዮን 4 እጅና ከዚያ በላይ ከተገኘባት ምክንያቱ ይመረመራል። እዚያ የሚፈለገው ሲጋራ ነው፤ እዚህ ቢደረግ የሚገኘው ኩበት ይሆናል።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። በጓቴማላ አገር በደጋው በሳን ማርኮስ፥ ኑሯቸው ከእኛ ባላገር በማይርቅ ሰዎች ዘንድ ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. ታላቅ ጥናት ተደርጓል። ያረገዘች ሴት ወይም ጨቅላ ሕፃን ያለባቸው 534 ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለእኩሌታው የጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሠራላቸው፥ የቀሩት በጉልቻ ማብሰላቸውን ቀጠሉ። የእናቶች ትንፋሽ በዚያ በትንሹ የካርቦን ሞኖክሳይድ መሣሪያ እየተለካ፥ ምድጃው የሴቶቹን አየር ማጥራቱ ተረጋገጠ። ስለ ሕፃናቱ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ውጤት ግን ልብ ብሎ ማንበብ የሚያሻው ነው። ሕፃናቱ የሚስቡት ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ቢቀንስም፥ ጠቅላላው የሳምባ ምች በግልጥ ቀነሰ ለማለት አልተቻለም፤ የጠናው የሳምባ ምች ግን በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ። ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ሕፃን የሚገድለው የጠናው ነው።

በቅርባችንም ከጣና በስተ ደቡብ በሜጫ ወረዳ ምርጥ ምድጃ ለብዙ ቤቶች ታድሎ፥ ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጤና ተመርምሮ ነበር። በ2021 ዓ.ም. በወጣው ጽሑፍ የሕፃናቱ የሳምባ ምች ቀነሰ የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቈጥባል፤ ይህ ክብሩ አይነካበትም፤ እንጀራው ሲጋገር ከጉልቻ ይልቅ ጢሱ ያነሰ ነው። ነገር ግን ወጡ፥ ቡናውና ጠላ የሚጠመቅበት አሻሮ አሁንም በጉልቻ ላይ ነው፤ ጢሱም ቢያንስ ከቤት የሚወጣበት መንገድ ካልተበጀለት እዚያው ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአገራችን ቤተ ሰብ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው በእንጨት፥ በከሰል፥ በኩበትና ይህን በመሰለ ማገዶ ያበስል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጢስ በ2020 ዓ.ም. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ገደለ ሲገምት፥ ከነዚህ ከ237 ሺህ የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

እነሆ ከነገሩ ሁሉ ከባድ ወደ ሆነው ደረስን። ይህ ሁሉ የትንፋሽ መሣሪያ «ንፋ» ሲባል ለሚነፋ ሰው የተሠራ ነው። በእናቱ ጀርባ ያለ የስድስት ወር ሕፃን አይነፋም፤ የሦስት ዓመት ልጅም ቱቦውን ያኝከዋል እንጂ ዐሥር ሰኮንድ ሙሉ በእኩል ኀይል አይነፋበትም። ከሁሉ ይልቅ በጢስ የሚጎዳው እርሱ ሆኖ ሳለ፥ መሣሪያው ስለ እርሱ ሊመሰክር አይችልም። በእናቱ ትንፋሽ በኩል የቤቱን አየር ማወቅ ይቻላል፤ እርሱ ራሱ መታመሙን ግን በዚያ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ለወረታና በዙሪያው ላሉት ቀበሌዎች እንዲህ ያለ መሣሪያ ይገዛ የሚል አሳብ ቢቀርብ፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን አስቀድመው ይህን እንዲጠይቁ እንወዳለን። በአንድ እጅ መሣሪያው ሲገባ በሌላው እጅ የሕፃናቱ ቍጥጥር የሚቀንስ ከሆነ፥ ትርፉ ለነጋዴው ብቻ ነው።

ሌሎችም የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የወረታ ከፍታ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ብዙዎቹ ዳሳሾች የሚሰማቸው የጋዙ ግፊት ስለ ሆነ፥ በቈላ ወደብ የተስተካከለ መሣሪያ በደጋ ሳይታረም ቢሠራ ያጎድላል። የሰው ትንፋሽ ደግሞ በእርጥበት የተሞላ ነው፤ በክረምት የአገሩ አየር ሲጨመርበት ዳሳሹን ያሳስተዋል። በከተማው መንገድ ዳር ከሩዝ መፈልፈያዎቹ የሚነሣው አቧራም ለሰው ሳምባ እንደማይበጅ ሁሉ ለመሣሪያውም አይበጅም። የባትሪ ድንጋይ የሚመስለው ዳሳሽ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያልቃል፥ ይለወጣል፤ በየጊዜውም መጠኑ በታወቀ ጋዝ መፈተን አለበት። ሚዛን በታወቀ ክብደት ካልተፈተነ ገበያተኛው እንደማያምነው ማለት ነው። የአፉ ቱቦ ለያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን ይገባዋል፤ የሳምባ ነቀርሳ ባለበት አገር በአንድ ቱቦ ሁለት ሰው ማስነፋት ነውር ብቻ ሳይሆን ወንጀል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ መሣሪያውን የሚሰጥ ሁሉ ቱቦውን፥ መፈተኛ ጋዙንና መለወጫ ዳሳሹን ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያስታውቅ። በመጋዘን አቧራ የለበሰ ብዙ የሕክምና ዕቃ በየአገሩ አለና፥ ይህ ሌላ እንዳይጨምርበት ነው።

የሳምባ ነቀርሳን ካነሣን ዘንድ፥ እርሱንም ከትንፋሽ ለመለየት ሊቃውንት መድከማቸውን እንጨምር። በ1982 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዋርዊክ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ብዙ ዳሳሾችን በአንድነት አቀናብረው እንደ አፍንጫ ሽታ የሚለይ መሣሪያ መሥራት እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ፥ የኤሌክትሪክ አፍንጫ የሚባለው ነገር እየተሻሻለ መጥቷል። ለነቀርሳ ግን የአክታን ምርመራ የሚተካ እስከ ዛሬ አልሆነም። የሚያስገርመው ነገር በታንዛኒያ በሞሮጎሮ የሠለጠኑ ታላላቅ አይጦች አክታ አሽትተው ነቀርሳን በመለየት ከአንዳንዱ መሣሪያ ቀድመው መገኘታቸው ነው፤ በአዲስ አበባም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር ይኸው ሥራ ተሠርቷል። ለዚህ ሥራ የተመረጠው እንስሳ አይጥ መሆኑ ለብዙ እመቤቶች ደስ እንደማያሰኝ እናውቃለን።

ለእያንዳንዱ ቤት ወዲያው የሚሆነው ግን ገንዘብ የማይፈጅ ነው። ማድ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ቢለይ፤ ካልተቻለም ከምድጃው በላይ በጣራው ሥር የጢስ መውጫ ቢከፈት፥ በሚጋገርበትም ሰዓት በሩ ፊት ለፊት ካለው መስኮት ጋር ተከፍቶ ቢቆይ፤ ለክረምት የሚቀመጠው ኩበት ዝናብና ጤዛ እንዳይነካው በመደብ ላይ ከፍ ተደርጎ ቢከደን፤ ሕፃኑም በሚጋገርበት ጊዜ ከጀርባ ወርዶ ለአያቱ ወይም ለታላቅ እኅቱ ቢሰጥ። በከተማ ላሉትም ስለ ከሰል አንድ ቃል አለን። ከሰሉ ቀልቶ ጢሱ ከጠፋ በኋላ ጉዳት የለውም ተብሎ ይታመናል፤ ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። የቀላ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድን ያለ ጢስ፥ ያለ ሽታ ይሰጣል፤ ክፍል ለማሞቅ ብለው ማንደጃ አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሞተው የሚገኙት ስለዚህ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በአንድ ክፍል ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢይዛቸው፥ ምግቡን ከመጠርጠር በፊት ማንደጃውን አውጥቶ በሩን መክፈት ነው።

ስለ ሕፃኑም፥ ለመንፋት ስለማይችለው፥ ሰዓት ካለ መሣሪያ አለ። በየቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የሕፃናትን የሳምባ ምች ለይተው መድኃኒት እንዲሰጡ ሲሠለጥኑ፥ ዋናው መለያቸው ትንፋሽ መቍጠር ነው። ይህን እናትም አባትም በቤት ሊያውቁት ይገባል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ አይቈጠርም፤ ጸጥ ሲል ወይም ሲተኛ ልብሱ ከሆዱ ላይ ገለጥ ይደረግና፥ ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ሲል አንድ እየተባለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቈጠራል፤ ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ሁለት ወር ያልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፥ ከሁለት ወር እስከ ዐሥራ አንድ ወር ያለው 50ና ከዚያ በላይ፥ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፥ ሳልም ቢኖርበት፥ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፥ ወይም መጥባት የተሳነው እንደ ሆነ ደግሞ፥ ቍጥሩ ምንም ቢሆን፥ ጎርፉም መንገድ ዘግቶ ቢሆን በታንኳም ተሻግሮ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።